ከመስታወቱ ወዲህ ያለው ሥራ፦ በወላይታ ታሪክን ከሙዚየም ወደ ተማሪ የማድረስ ተግባር

የታሪክ ሙዚየም ሲነሣ በአብዛኛው ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ዕቃና ከሥሩ የተለጠፈ አጭር ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ የዕቃውን ስም፣ የተገኘበትን ቦታና ዘመኑን ተናግሮ ያበቃል። ዕቃውን ማን እንደሠራው፣ ለምን እንደተሠራና ዛሬ ለሚያየው ሰው ምን እንደሚነግረው የማስረዳቱ ኃላፊነት የሚወድቀው ከመስታወቱ ወዲህ በቆመው የሙዚየም የትምህርት ባለሙያ ላይ ነው።

በአገራችን ይህ ሙያ በአብዛኛው «አስጎብኚ» በሚለው ቃል ሲጠራ ይሰማል። ይሁንና ቃሉ የሥራውን አንድ ክፍል ብቻ የሚገልጽ ነው። አስጎብኚ እንግዳ ሲመጣ ተቀብሎ ያዞራል። የትምህርት ባለሙያው ተማሪዎች ከመምጣታቸው ከሳምንታት በፊት ከመምህራን ጋር ይመክራል፤ ትርኢት ያዘጋጃል፤ በዓላትና ዐውደ ርእዮች ሲኖሩ ዝግጅቱን ይመራል፤ ሕዝቡ በቤቱ የያዘውን ዕውቀት ወደ ሙዚየሙ የሚያመጣበትን መንገድም ይፈልጋል። ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 በፕራግ ባካሄደው ጉባኤ ያጸደቀው አዲስ የሙዚየም ትርጓሜም ትምህርትንና ዕውቀትን መጋራትን ከማሰባሰብና ከመጠበቅ ጋር አንድ ላይ አስቀምጧቸዋል።

የሥራውን ክብደት ለመረዳት ወላይታን ማየት ይጠቅማል። የዞኑ ርእሰ ከተማ ወላይታ ሶዶ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የምትገኝ ስትሆን፣ ከነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆና በማገልገል ላይ ትገኛለች። በዚህ አካባቢ በድንጋይ ዘመን መሣሪያ የተሞላ ዋሻ፣ የነገሥታት ዘመን የመከላከያ ካብ፣ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የሥርወ መንግሥት ታሪክ፣ ከ100 ዓመት በላይ የሆነው የጦርነት ትዝታና በሕይወት ያሉ ሰዎች የሚያስታውሱት የቅርብ ጊዜ ክስተት ጎን ለጎን ይገኛሉ። ይህን ሁሉ ለአንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ሰዓት ተኩል ማስረዳት የማይቻል ነው። ስለዚህ የባለሙያው የመጀመሪያ ተግባር መምረጥ ይሆናል።

ልምድ ያላቸው የሙዚየም ባለሙያዎች በዓለም ዙሪያ የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ተማሪ 30 ዕቃ አይቶ ከሚሄድ ይልቅ 5 ዕቃ በሚገባ ቢያይ የተሻለ መሆኑ ነው። በአገራችን ትምህርት ቤቶች አንድ ክፍል 60 እና ከዚያ በላይ ተማሪ መያዙ የተለመደ በመሆኑ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ አዳራሽ ከገቡ ከፊት ያሉት ያያሉ፤ ከኋላ ያሉት የፊተኞችን ጀርባ አይተው ይመለሳሉ። ስለሆነም ባለሙያው ከመምህሩ ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ ተማሪዎቹን ከ15 እስከ 20 በሚደርስ ቡድን ይከፍላቸዋል። አንዱ ቡድን በአዳራሹ ሲያይ ሌላው በግቢው ውስጥ በዕቃ ቅጅ ይሠራል፤ ሦስተኛው የታዘበውን በደብተሩ ይሥላል። መምህሩም ተማሪ ከመቆጣጠር አልፎ የትምህርቱ ተካፋይ ይሆናል። ይህ ሳይሆን ሲቀር ጉብኝቱ ወደ ሽርሽር ይለወጣል።

ጥያቄ የማቅረብ ዘዴም ከሥራው ዋና ክፍል ይቆጠራል። «ይህ ማርጩዋ ይባላል፤ የጥንት የወላይታ ገንዘብ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን ብረቱን ለተማሪው አሳይቶ «ይህን ይዘህ ገበያ ብትሄድ ምን ትገዛበታለህ? ኪስህ ውስጥ ይገባል? ቢዝግስ?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ ምን እንደሆነ፣ ብረት አንጥረኛው በኅብረተሰቡ ውስጥ ምን ቦታ እንደነበረውና ንግድ እንዴት ይካሄድ እንደነበር እንዲያስብ ያደርገዋል። ልጆች የብረት ገንዘብን ከማንኛውም ዕቃ በላይ እንደሚወዱት ማንም ያስተማረ ሰው ይገምታል።

ቋንቋም እንዲሁ ቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው። በወላይታ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች በወላይትኛ የሚማሩ ሲሆን፣ ቋንቋው ዛሬ በላቲን ፊደል ይጻፋል። በአንጻሩ ከሌላ አካባቢ የሚመጣ ጎብኚ አማርኛ፣ የውጭ አገር ጎብኚ ደግሞ እንግሊዝኛ ይጠብቃል። የሦስቱንም ቋንቋ ጽሑፍ በአንድ ትንሽ ሰሌዳ ላይ መደርደር ማንም የማያነበው የፊደል ክምር ይፈጥራል። ለልጆች የሚሆነው ጽሑፍ በልጅ ቁመት ልክ ተሰቅሎ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በ2 ወይም በ3 አጭር ዐረፍተ ነገር ቢቀርብ ይመረጣል።

ከቅርሶቹ ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው ከሶዶ ከተማ በላይ በዳሞታ ተራራ ደቡብ ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኘው የሞቼና ቦራጎ የዋሻ መጠለያ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ የአርኪኦሎጂ ባለሙያዎች በስፍራው ቁፋሮ የጀመሩ ሲሆን፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ስቲቨን ብራንት የሚመራ ቡድን ሰፊ ጥናት አካሂዷል። የጀርመኑ ኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በኋላ ተሳትፈዋል። ከዋሻው ደለል ንብርብሮች ከ50 ሺህ ዓመት ገደማ ጀምሮ ሰዎች ይጠቀሙባቸው የነበሩ፣ በአብዛኛው ከባልጩት የተሠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ተመራማሪዎቹ የሚፈትሹት ዐቢይ ሐሳብም አለ። የአፍሪካ ቀንድ ቆላማ ክፍል በደረቀባቸው የበረዶ ዘመን ጊዜያት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋዎች ለሰው ልጅ መጠጊያ ሆነው ሊሆን ይችላል የሚል ነው።

እዚህ ላይ የትምህርት ባለሙያውን የሚገጥመው ችግር ግልጽ ነው። በሕጋዊ ፈቃድ በቁፋሮ የሚገኝ ቅርስ የመንግሥት ንብረት ሲሆን፣ ተመዝግቦ የሚጠበቀውና የሚጠናው በአዲስ አበባ ነው። ከዋሻው በእግር ተጉዞ ትምህርት ቤት የሚደርሰው የሶዶ ልጅ አያቶቹ በኖሩበት ተራራ ላይ የተገኘውን መሣሪያ ለማየት ወደ ዋና ከተማዪቱ መሄድ ሊኖርበት ነው ማለት ነው። መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም፤ ለዚህም ምሳሌ የምትሆነው ሉሲ ናት። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1974 በሐዳር የተገኘችው የሉሲ ዋናው አጽም በብሔራዊ ሙዚየም በጥብቅ የሚጠበቅ ሲሆን፣ በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች አዳራሹ ውስጥ አይተዋት የሚደነቁት ቅጅዋን ነው። የሉሲ ቅጅ ይህን ያህል ካስተማረ፣ በጥንቃቄ የተሠራ የሞቼና ቦራጎ የድንጋይ መሣሪያ ቅጅም ሊያስተምር ይችላል። እንዲያውም ቅጅ አንድ ብልጫ አለው፤ ተማሪው በእጁ ሊይዘው፣ ክብደቱንና ስለቱን ሊፈትን ይችላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ የጥንቃቄ ትምህርት ደግሞ ሊዘለል አይገባም። ስለ ጥንታዊ ድንጋይ የተማረ ልጅ በማግስቱ ባልጩት ለመልቀም ወደ ተራራው ቢወጣ አያስገርምም። መሬት ውስጥ ያለ መሣሪያ ዋጋ የሚኖረው ከተቀመጠበት ንብርብር ጋር ነው። ከቦታው ከተነሣ በኋላ ስንት ዘመን እንደኖረ የሚናገር ምስክር የለውም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ተቋሙ ቀደም ሲል የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ይባል የነበረ ሲሆን ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ተብሎ ይጠራል። ይህን ለልጅ በሕግ አንቀጽ ማስረዳት አሰልቺ ነው። በአንጻሩ በአንድ የአሸዋ ሣጥን ውስጥ ዕቃዎችን በንብርብር ቀብሮ አንዱን ቡድን በጥንቃቄ፣ ሌላውን በዘፈቀደ እንዲያወጣ ማድረግና ከዚያ «የትኛው ይቀድማል?» ብሎ መጠየቅ በ20 ደቂቃ ውስጥ ነገሩን ያስጨብጣል።

ከዋሻው ወደ ነገሥታቱ ዘመን ስንመጣ ምንጩ ይለወጣል። የወላይታ ነገሥታት «ካዎ» በሚል ማዕረግ የሚጠሩ ሲሆን፣ የአገር ሽማግሌዎች የሥርወ መንግሥቱን መነሻ ከሞቶሎሚ ጋር ያያይዙታል። በአንጻሩ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል ሞቶሎሚን የዳሞት ገዥ አድርጎ ያቀርበዋል። አንዱ ምንጭ በቃል፣ ሌላው በጽሑፍ ነው፤ አንዱ ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ የተነገረ ነው፤ የተነገሩበት ዓላማም የተለያየ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «የሚስማሙበት የቱ ነው? የሚለያዩበትስ? ተናጋሪው ማንን ማመስገን ይፈልጋል?» ብሎ መጠየቅ የታሪክ ሙያ መሠረታዊ ዘዴ ነው። ተማሪው ይህን በ8ኛ ክፍል ከለመደው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አዲስ አይሆንበትም። በካዎ አማዶ ስም የሚጠራውን የመከላከያ ኬላ ለማየት የሚደረግ የመስክ ጉዞም ከዚህ ጋር ቢቀናጅ መልካም ነው፤ ካቡን በእጁ የነካ ተማሪ ይህን ያህል ድንጋይ ማን እንደ ተሸከመና ከማን ለመከላከል እንደ ተሠራ መጠየቁ አይቀርም።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄና ድፍረት የሚጠይቀው ግን የ1887 ዓ.ም. ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው የመሩት ጦር ወደ ወላይታ ዘምቶ ብርቱ ውጊያ ከተካሄደ በኋላ የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና ጋጋ ቆስለው ተማርከዋል፤ ወደ አዲስ አበባም ተወስደዋል። ብዙ ሕዝብ አልቋል፤ ከብት ተዘርፏል። ከዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ እኚሁ ንጉሠ ነገሥት በዓድዋ የኢትዮጵያን ነፃነት ያስከበረውን ድል መርተዋል። የወላይታ ልጅ በትምህርት ቤት የዓድዋን ድል በኩራት ያከብራል፤ በቤቱ ደግሞ ከአያቱ ስለ ጦና ይሰማል። ሙዚየም ሲመጣ የሁለቱ ታሪኮች ባለቤት አንድ ንጉሥ መሆኑን ያስተውላል፤ ከዚያም ይጠይቃል።

ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ ባለሙያ ሊኖር ይገባል። ጥያቄውን ማድበስበስ ልጁ መልሱን ከሌላ ቦታ፣ ምናልባትም ከቂም ጋር ተቀላቅሎ እንዲፈልገው ማድረግ ነው። በአንድ ወገን አጋኖ መናገርም እንዲሁ ሙዚየሙን የክርክር አንድ ጎራ ያደርገዋል። በዚህ ጸሐፊ እምነት የሚሻለው መንገድ ምንጮቹን ራሳቸውን ማቅረብ ነው። የዘመቻው ምንጮች ቢያንስ በሦስት ዓይነት ይገኛሉ። የመጀመሪያው በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የተጻፈው የዐፄ ምኒልክ ዜና መዋዕል ሲሆን ነገሩን ከቤተ መንግሥት ወገን ይተርካል። ሁለተኛው ዘመቻውን አብሮ ተጉዞ የተመለከተው ፈረንሳዊው ነጋዴ ቫንደርሄይም እ.ኤ.አ. በ1896 በፓሪስ ያሳተመው መጽሐፍ ነው፤ ያየውን ዕልቂትና የከብት ዝርፊያ መዝግቧል። ሦስተኛው በወላይታ ቤተሰቦች ዘንድ በቃል የተጠበቀው ትዝታ ነው። አንዱ የንጉሥ ጸሐፊ፣ ሁለተኛው የውጭ ታዛቢ፣ ሦስተኛው የተሸናፊው ወገን ልጅ ነው። ሦስቱን ያነጻጸረ የ10ኛ ክፍል ተማሪ አንድ ሰው በአንድ ሥራው ነፃ አውጪ፣ በሌላው ሥራው ወራሪ ሆኖ ሊታይ መቻሉን፣ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ እንደሚችሉ ከራሱ ንባብ ይደርስበታል።

በእነዚህ ምንጮች ውስጥ አንድ ተጨማሪ መሰናክል አለ። በዘመኑ ጽሑፎች ሕዝቡ «ወላሞ» እየተባለ ሲጠራ ይገኛል። ስያሜው ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት ካለመሆኑም በላይ በንቀት ይነገር የነበረ በመሆኑ፣ ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ ቀርቷል። ሰነዱን እንዳለ ማሳየት የታሪክ ግዴታ ነው። ነገር ግን ባለሙያው ተማሪዎቹ ሰነዱን ከማንበባቸው በፊት ቃሉ ከየት እንደመጣና ለምን እንደተተወ ሊነግራቸው ይገባል። ያለ ማብራሪያ የተሰቀለ ወረቀት የሚያስቀይመው አያትየው ልጁን ይዘው ሲመጡ ነው።

ዕድሜን መለየትም የግድ ነው። ለ4ኛ ክፍል ስለ ዕልቂት ዝርዝር አይነገርም፤ ንጉሡ ማን እንደነበሩ፣ ምን ዓይነት ቤት እንደነበራቸው፣ እንዴት እንደተማረኩ ቢነገር ይበቃል። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የ«ቀይ ሽብር» ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በዚህ ረገድ ትምህርት ይሰጣል። ከመቃብር የወጡ የሰለባዎች አጽሞችና የመቶዎች ፎቶግራፎች የሚታዩበት በመሆኑ፣ ሳይዘጋጅ የገባ ታዳጊ የሚወጣው በድንጋጤ ነው። በዚያው ሙዚየም ከዘመኑ መከራ የተረፉ ሰዎች ራሳቸው ጎብኚዎችን ማስረዳታቸው ግን የማንኛውም መስታወት ሣጥን ጽሑፍ የማይተካውን ኃይል ሰጥቶታል። ተራኪው «እኔ እዚያ ነበርኩ» ሲል አዳራሹ ጸጥ ይላል።

የ1887ን ዘመቻ ያየ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። የ1992ን ያየ ግን ብዙ ነው። በዚያ ዓመት የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎችን በማደባለቅ የተዘጋጁት «ወጋጎዳ» የተሰኙ የመማሪያ መጻሕፍት በወላይታ ከፍተኛ ተቃውሞ ማስነሣታቸው፣ በሶዶም የሰው ሕይወት መጥፋቱ ይታወሳል። መጻሕፍቱ ከአገልግሎት ወጥተዋል፤ ወላይታም ከቀድሞው ሰሜን ኦሞ ዞን ተለይቶ ራሱን የቻለ ዞን የሆነው ከዚያ በኋላ በ1993 ዓ.ም. ነው። ለታሪክ ሙዚየም የትምህርት ፕሮግራም ከዚህ የተሻለ ርእስ ማግኘት ያስቸግራል። ምክንያቱም ዕቃው መማሪያ መጽሐፍ ነው፤ ተመልካቹም ተማሪ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ስለነበር፣ በዚያ ጊዜ በግእዝ ፊደል የተዘጋጀው የማንበቢያ መጽሐፍ፣ የ1992ቱ መጽሐፍና ዛሬ በተማሪው ቦርሳ ውስጥ ያለው በላቲን ፊደል የተጻፈው መጽሐፍ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ የአንድ ቋንቋ ግማሽ ምዕተ ዓመት ታሪክ ያለ ብዙ ንግግር ይታያል። በዚያን ጊዜ የነበሩ መምህራንና ወላጆች ተጋብዘው ቢናገሩ ደግሞ ተማሪው አባቱንና እናቱን እንደ ታሪክ ምንጭ ማየት ይጀምራል።

ስለ ሸክላ ዕቃም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በማናቸውም የአገራችን ባህላዊ ሙዚየም ሸክላ አይታጣም፤ እንስራው፣ ጀበናው፣ ድስቱ በረድፍ ይቀመጣል። ከሥሩ የሚጻፈውም የብሔረሰቡ ስም ነው። ነገር ግን በወላይታ ሸክላ የሚሠሩት ጪናሻ የሚባሉት ቤተሰቦች፣ ቆዳ ፋቂዎችና ብረት አንጥረኞችም ጭምር፣ ለዘመናት በጋብቻም ሆነ በማዕድ ከሌላው የተገለሉ ነበሩ። የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በሕግ ፊት እኩል የመሬት ተጠቃሚነትን ቢደነግግም ልማዱ በአንድ ቀን አልጠፋም። ታዲያ ሙዚየሙ ገንቦውን አክብሮ በመስታወት ውስጥ አስቀምጦ የሠራችውን ሴት ስም ሳይጠቅስ ሲቀር አሮጌውን መገለል ሳያስበው ይቀጥላል። ሸክላ ሠሪዋን በክፍያ ጋብዞ በሙዚየሙ ግቢ ከተማሪዎች ፊት እንድትሠራ ማድረግ፣ ተማሪዎቹም ጭቃውን እንዲያቦኩ መፍቀድ ብዙ ወጪ የሌለው ፕሮግራም ነው። ክፍያው ሊሰመርበት ይገባል። ባለሙያ እንጂ ትርኢት ማሳያ አይደለችምና።

በዚህ ረገድ በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አደረጃጀት ጥሩ ፈር ይቀድዳል። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው ይህ ተቋም የብሔረሰቦችን ዕቃ በየብሔረሰቡ ከመደርደር ይልቅ በሰው ልጅ የሕይወት ዑደት፣ ማለትም ከልደትና ልጅነት እስከ ጉልምስናና ሞት ድረስ አዘጋጅቶ ያቀርባል። ጎብኚው የሌላውን ሕዝብ ዕቃ ሲያይ የራሱን ልጅነት ያስታውሳል። በጂንካ የሚገኘው የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከልና ሙዚየምም እንዲሁ የምርምር ሥራንና የሕዝብ አገልግሎትን በአንድ ግቢ በማጣመር ለክልል ከተሞች አብነት የሚሆን ነው።

የሙዚየም ዝግጅቶች የቀን መቁጠሪያም የራሱ ጥበብ አለው። የወላይታ የዘመን መለወጫ ጊፋታ በመስከረም 14 እና 20 መካከል በሚውለው እሑድ ይከበራል። ቀኑን ሽማግሌዎች የጨረቃን ዑደት አይተው ይወስናሉ። መስቀልም በዚያው ሳምንት ይውላል። ከተማው በእንግዳ የሚሞላበት፣ ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ዘመድ የሚሰባሰብበት፣ «ሀያያ ሌኬ» ጭፈራ የሚሰማበት ወቅት ነው። ችግሩ ትምህርት ቤቶች ገና በመከፈት ላይ በመሆናቸው ከመምህራን ጋር ለመመካከር ጊዜ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ የጊፋታ የተማሪዎች ፕሮግራም ሥራ የሚጀመረው ክፍል ከመዘጋቱ በፊት በሰኔ ነው። ተማሪዎቹ ክረምቱን ከአያቶቻቸው ዘንድ የበዓሉን አጀማመር፣ ምግቡንና ጨዋታውን ጠይቀው ይጽፋሉ፤ በመስከረም ያመጡትን ሙዚየሙ ለሕዝብ ያቀርባል። በዚህ መልኩ የተሰበሰበ የልጆች ጽሑፍ ከዓመታት በኋላ ራሱ ቅርስ ይሆናል፤ ስም፣ ቀንና ቦታ ተጽፎበት ከተቀመጠ ማለት ነው።

ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ግንቦት 10 ቀን የሚከበረው ዓለም አቀፍ የሙዚየም ቀን ደግሞ የበጀት ዓመቱ ማብቂያና የፈተና ዋዜማ ላይ ይውላል። በዚህ ጊዜ ብዙ ተማሪ መጥራት ስለማይቻል ለመምህራን ሥልጠና፣ ለወላጆች ዐውደ ርእይ፣ ለአካባቢ ሽማግሌዎች የውይይት መድረክ ቢውል የተሻለ ይሆናል። መድረኩ ሲዘጋጅ የመክፈቻ ንግግር ብዛት መቀነስ እንደሚገባ ሳይጠቀስ አይታለፍም። አራት ኃላፊዎች ተናግረው ሲጨርሱ ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ለመናገር 10 ደቂቃ ብቻ የቀራቸው ዝግጅት በየከተማው ታይቷል።

ወደ ሶዶ መምጣት ለማይችሉት ሙዚየሙ ራሱ መሄድ ይኖርበታል። ከአረካ፣ ከቦዲቲ፣ ከገሱባ ወይም ከበሌ አንድ ክፍል ተማሪ አጓጉዞ ማምጣት የመኪና ኪራይና የምግብ ወጪ ይጠይቃል። በአንጻሩ በአንድ የእንጨት ሣጥን ውስጥ የድንጋይ መሣሪያ ቅጅ፣ የዱንጉዛ ጨርቅ ቁራጭ፣ የማርጩዋ አምሳያ፣ የቆዩ ፎቶግራፎች ግልባጭና ለመምህሩ የሚሆን መመሪያ አዘጋጅቶ በሕዝብ ማመላለሻ መላክ ይቻላል። በብዙ አገሮች ሙዚየሞች «የትምህርት ሣጥን» እየተባለ የሚሠራበት ይህ ዘዴ ውጤታማነቱ በሁለት ነገር ይወሰናል። አንደኛው ሣጥኑ በየትምህርት ቤቱ ከሁለት ሳምንት በላይ እንዳይቆይ የሚከታተል ሰው መኖሩ ነው። ሁለተኛው መምህሩ ሣጥኑን ከመቀበሉ በፊት ቢያንስ የግማሽ ቀን ገለጻ ማግኘቱ ነው። ያለዚህ ሣጥኑ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ተቆልፎበት ዓመቱ ያልቃል።

ሙያውን ማን ይሠራዋል የሚለው ጥያቄም መልስ ይፈልጋል። ታሪክ ወይም አርኪኦሎጂ የተማረ ሰው ስለ ዕቃው ያውቃል፤ ልጅ እንዴት እንደሚማር ግን ላያውቅ ይችላል። መምህር የነበረ ሰው ደግሞ ልጁን ያውቃል። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በአካባቢው መኖሩ ትልቅ ዕድል ነው። ተማሪዎቹ በሙዚየም ውስጥ የተግባር ልምምድ ቢያደርጉ፣ ሙዚየሙ የሰው ኃይል፣ ዩኒቨርሲቲውም የመስክ ቤተ ሙከራ ያገኛሉ። ለአዲስ ሠራተኛ የሚሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ደግሞ ከአዳራሹ አንድ ጥግ ቆሞ ለአንድ ሳምንት ጎብኚዎችን ማየት ቢሆን ይበጃል። የትኛው ዕቃ ፊት ለፊት ይቆማሉ? የቱን ሳያዩ ያልፋሉ? ልጆች የሚጠቁሙት ወዴት ነው? ይህን መዝግቦ የያዘ ሠራተኛ ጽሑፎቹ ያነሱበትን ቦታ፣ የሰሌዳው ፊደል የደቀቀበትን ማዕዘን ለማወቅ የውጭ አማካሪ አያስፈልገውም።

ከጉብኝት በኋላ የሚቀር አንድ ነገር አለ። ተማሪዎች የሚጠይቁትና በዕለቱ መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው። ካዎ ጦና ከተማረኩ በኋላ ልጆቻቸው ምን ሆኑ? በሞቼና ቦራጎ የነበሩት ሰዎች ምን ቋንቋ ይናገሩ ነበር? ይህን ገንቦ የሠራችው ሴት ስሟ ማን ነው? አንዳንዱ በንባብ፣ አንዳንዱ ሽማግሌ በመጠየቅ ይመለሳል፤ አንዳንዱም መልስ የለውም። ለዚህ ተብሎ በአዳራሹ መውጫ ላይ በክር የታሰረ እርሳስ ያለው አንድ ትልቅ ደብተር ማኖር፣ በየወሩም ባለሙያው ያገኘውን መልስ ከጥያቄው ጎን ጽፎ ለጠያቂው ትምህርት ቤት በደብዳቤ ማሳወቅ ይቻላል።